ፍትሐቱን ያየሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ጥቅምት እናቴ የምትኖርበትን የቀበሌ ቤት መረጃ ለማስመዝገብ ወደ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የቆየው ወረቀት ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ስለሆነ እያንዳንዱ ተከራይ ቀርቦ ጥያቄ እንዲመልስ ታዟል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ውክልና ሰጥታ እኔን ላከችኝ። ህሊና የምትባል ወጣት ሠራተኛ ከፊቷ አስቀመጠችኝና በትሕትና መጠየቅ ጀመረች። የቤተሰቡ ብዛት ስንት ነው? በከተማው ስንት ዓመት ኖሩ? በስማቸው ሌላ ቤት አለ? ይህን ሁሉ በደህና እየተቀባበልን መጣንና የጋብቻ ሁኔታ ላይ ስንደርስ ቆምን።

«ያገቡ፣ ያላገቡ፣ የፈቱ፣ የሞተባቸው» ብላ አነበበችልኝ። «የቱን ልበል?»

«አንዱም አይደለም» አልኳት።

የቀለድኩባት መስሏት ሳቀች። ከዚያ ግን ኮምፒዩተሩ ከአራቱ አንዱ ካልተመረጠለት ወደሚቀጥለው ገጽ እንደማያሳልፋት አሳየችኝ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ይህ ጥያቄ ቤተሰባችንን መንገድ ላይ ሲያቆመው ሁለተኛ ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያን ጊዜ ቤቱን ልናጣው የነበረው በእኔ መልስ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አባቴ ቄስ ገብረአብ አንኮበር አጠገብ ካለችው ጎረቤላ አለፍ ብሎ ባለ የገጠር ደብር የሚያገለግል ካህን ነበር። የምንኖርበትም ቤት የደብሩ ነበር። ስለዚያ ቤት የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ አንድ ቀን ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አራት ዓመት አልፎኛል። አባቴ መደቡ ላይ ተጋድሟል፤ ጉንጩ ገብቶ ጢሙ ብቻ የቀረ ይመስላል። ቤቱ በካህናት ተሞልቶ ጧፍ ጧፍ ይሸታል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጭና ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ካህናቱ እያዜሙ አባቴን በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት። አክስቴ አቅፋ ወደ ውጭ ስታወጣኝ ምን እያደረጉት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «ፍትሐት ነው» አለችኝ። ደብር አጠገብ ያደገ ልጅ ፍትሐት ለማን እንደሚደረግ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም፤ ሬሳ በደጃችን ሲያልፍ እያየን ነው ያደግነው። አክስቴ ቤቷ ወሰደችኝና ከወር በላይ አቆየችኝ። ስመለስ መደቡ ባዶ ነበር።

አባቴ ግን አልሞተም። በሽታው እንደማይምረው ሲታወቅ፣ በአገራችን ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ መንኩሼ ልሙት ብሎ ነው። የሚመነኩስ ሰው ደግሞ ከዚህ ዓለም ተለየ ተብሎ ነፍሱ ሳይወጣ ፍትሐት ይደረግለታል። ያየሁት እሱን ነው። ሰው ሁሉ ቀብሩን ሲጠባበቅ አባቴ በሦስተኛው ሳምንት አጥሚት ጠየቀ፤ በወሩ በትር ይዞ ቆመ። ቆብ ደግሞ ዳንኩ ተብሎ የሚወልቅ ባርኔጣ አይደለም። ከእናቴ ጋር ተላቅሰው ተሰነባበቱና አባ ወልደ ሰንበት ተብሎ ከአንኮበር ቁልቁል ወዳለ ገዳም ወረደ። የደብሩ ቤት ለሚተካው ካህን ተሰጠ። እናቴ ንጋቷ እኔንና ጡት ያልጣለ ወንድሜን ፍሥሐን ይዛ ደብረ ብርሃን ገባች።

እኔን «እግዚአብሔር ወሰደው» አለችኝ። በእሷ ቤት አልዋሸችም። እውነቱን ብትነግረኝ ሰው መሀል «አባዬ» ብዬ እጠመጠምበትና ልቡን ለሁለት እከፍለዋለሁ ብላ ፈርታ ነበር። ይህን የነገረችኝ ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የማውቀው የሞተ አባት ብቻ ነበር።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የተከራየናት ክፍል በሩ ሲከፈት አልጋውን የሚመታ ዓይነት ነበረች። እናቴ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች የበግ ጠጉር እየፈተለች ታሳድረናለች። ጠጉሩ ታጥቦ እስኪደርቅ እላያችን ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ልብሳችንም ፀጉራችንም በግ በግ ስለሚል የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሲያዩኝ «ባዕ» ይሉኝ ነበር። በጎናችን ባለችው ክፍል እትዬ አልታየች ትኖራለች። በርበሬና ሽሮ የምትቸረችር፣ ምላሷም ከምትሸጠው በርበሬ የማይተናነስ፣ ነገር ግን ካላት ላይ ሳታካፍለን የማትበላ ሴት ናት።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ሲጠባና ጥምቀት ሲያልፍ፣ አንድ ቀጭን መነኩሴ ወደ ግቢያችን ይመጡ ነበር። ከአጥሩ በር አያልፉም። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በአቁማዳ ያመጡትን የገብስ ቆሎ ይሰጡናል። እናቴ ወጥታ መስቀላቸውን ተሳልማ ራቅ ትልና ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ትቆማለች። «ደህና ናችሁ?» ይሏታል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባታችን» ትላቸዋለች። ከዚያ እኔንና ፍሥሐን በየተራ ጭንቅላታችን ላይ እጃቸውን ያሳርፉና ይሄዳሉ። እጃቸው ቶሎ አይነሣም ነበር። እኔ የቆሎው አባ እላቸዋለሁ። መንገደኛውን ሁሉ «ግቡ፣ እረፉ» የምትል እናቴ እሳቸውን አንድ ቀን እንኳ ግቡ አለማለቷ ያሳፍረኝ ነበር፤ ቆሎአቸውን እየበላን በር እንነሳቸዋለን ብዬ በልቤ እወቅሳታለሁ።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ አከራያችን መጥታ ልጇ ከፋሲካ በኋላ ስለሚያገባ ክፍሏን እንደምትፈልጋት ነገረችን። በዚያው ሰሞን በቀበሌያችን አንዲት ብቸኛ አሮጊት አርፈው ቤታቸው ባዶ ሆነ። አንድ ክፍል፣ ከኋላ ትንሽ ማድ ቤት፣ የማያፈስ ቆርቆሮ። የፈለገው ሰው ብዙ ነው። እናቴም አመለከተች። ፋሲካ ከመድረሱ በፊት ያን ቤት ካላገኘን የምንገባበት እንደሌለን ማንም ባይነግረኝም አውቄዋለሁ፤ እናቴ ዕቃችንን በዓይኗ ስትለካ አያት ነበር።

ኮሚቴው ቤት ለቤት እየዞረ ሊያጣራ ነው ሲባል እትዬ አልታየች እናቴ አጠገብ ተቀምጣ ጠጉር እያፍታታች ትመክራት ጀመር። እኔ ፍሥሐን እያጫወትኩ ጆሮዬን እነሱ ጋ ጥያለሁ።

«የሞተባት በይ» አለቻት። ባል የሞተባትና ልጅ የያዘች ሴት ቅድሚያ እንደሚሰጣት፣ ባል አለኝ ያለች ግን ባልሽ የት ነው፣ ቤቱስ፣ ገቢውስ ተብላ በጥያቄ እንደምትደርቅ አስረዳቻት። «ደግሞስ ምኑ ነው ውሸቱ? ፍትሐት ተደርጎለት የለም?»

እናቴ እንዝርቷን ሳታቆም «ሕያው ሰው አልገድልም» አለች።

እትዬ አልታየች እንግዲያው ተፋተናል በይ አለቻት። እናቴ ለዚህም እሺ አላለችም። ካህን ሚስቱን ፈታ ተብሎ ስሙ እንዲነሣ አትፈልግም፤ ደግሞም አልተጣሉም። እትዬ አልታየች በረጅሙ ተነፈሰች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ልትይኝ ነው። እስኪጠራልሽ ፋሲካ ይደርሳል» አለችና ተነሥታ ሄደች።

እኔ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ያዝኩ። አንደኛ፣ አባቴ ሞቷል ካልን ቤት እናገኛለን። ሁለተኛ፣ እናቴ የአባቴን ሞት ማመን አቅቷታል። በሠፈራችን ልጃቸው ሞቶባቸው ዓመት ሙሉ ድርሻውን መሶብ ላይ የሚያስቀምጡለት ሴትዮ ነበሩ፤ እናቴም እንደሳቸው ሆና ነው ብዬ አዘንኩላት። እሷ ማለት ካልቻለች እኔ እልላታለሁ አልኩ።

ኮሚቴው የመጣው የበልግ ዝናብ ባካፋበት ቀን ነው። ሦስት ናቸው፤ አንዲት ሴትዮ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰውዬ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ረጅም ሰው። ረጅሙ አቶ ሳምሶን ይባላሉ፤ የቀበሌው የቤቶች ጉዳይ በእሳቸው እጅ ነው። ገና ሲገቡ ከአልጋው ሥር አዩ። የፍራሹን ጫፍ ገልጠው በእጃቸው ዳሰሱት። ጣሪያውን አንጋጠው አዩ። አንድ ፈገግታ የላቸውም። የደበቅነው ነገር ካለ የሚፈልጉ ስለመሰለኝ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠላኋቸው።

እናቴ ፍሥሐን አዝዬ ደጅ እንድቆይ ነገረችኝ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚንጫጫ ከሚሉት ብዙው አይሰማኝም። አንድ ጊዜ ዝናቡ ጋብ ሲል የእናቴ ድምፅ ወጣ፤ «በሕይወት አሉ» አለች። ቤቱ ሄደ አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ሳምሶን ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡና አጠገቤ ቆሙ። ከጃንጥላው ግማሹን በእኔና በፍሥሐ ላይ አደረጉት። ስሜንና ክፍሌን ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፦

«አባትሽ የት ነው?» አሉኝ።

«ሞቷል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ፍትሐቱን ያየሁት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። «መቃብሩን ታውቂዋለሽ?» ሲሉኝ ግን ደነገጥኩ፤ አላውቀውም። አላውቀውም አልኳቸው። ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉና ሁለቱን ሰዎች ጠርተው ሄዱ። ከወገባቸው በላይ አንድ ጎናቸው በዝናቡ ርሶ ነበር።

በኩራት ገብቼ ያልኩትን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። እንዝርቷን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም የት እንደሄደ እንጃ። «ዋሸሁ እንዴ?» አልኳት። እጄን ይዛ «አልዋሸሽም» አለችኝ። እኔም የሠራሁት ደግ ሥራ ለምን ደስ እንዳላሰኛት ሳይገባኝ ቀረ።

በማግሥቱ ወሬው ደረሰን። ከአንድ ቤት ሁለት ቃል ወጥቷል፤ እናት አለ ብላለች፣ ልጅ ሞቷል ብላለች፤ ማመልከቻው ታግዷል። እትዬ አልታየች በርበሬዋን ጥላ ወደ ቀበሌ ሮጠች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ የሕፃን ቃል አትያዙ ብላ ለመነቻቸው። የተሰጣት መልስ አቶ ሳምሶን ወደ አንኮበር ሊያጣሩ ይሄዳሉ የሚል ነበር። ይህን ስሰማ ያ የመቃብሩ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ሰውዬው የአባቴን መቃብር ሊቆፍሩ ነው። አባቴን ካላገኙት እናቴን ያስሯታል። ለእትዬ አልታየች ዶማ ይዘው ሄደው እንደሆነ ብጠይቃት አልገባትም፤ «ይህች ልጅ ምን ነካት?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። ያን ሳምንት ማታ ማታ ስጸልይ እግዚአብሔር አባቴን ቶሎ እንዲያስገኝላቸው እለምን ነበር።

ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ቀበሌ ተጠራች። እኔና ፍሥሐ አዳራሹ በር ላይ ካለው ደረጃ ተቀመጥን። አቶ ሳምሶን ከውስጥ ናቸው፤ አንድ እግራቸው ጫማ ስላልገባላቸው በጨርቅ ጠቅልለው ነጠላ ጫማ አድርገዋል። እግዚአብሔር ስለ አባቴ መቃብር ቀጣቸው አልኩ። እንዲህ እያሰብኩ ሳለ የቆሎው አባ በትራቸውን ይዘው በቀበሌው በር ገቡ። ቢጫው ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ያለ ጊዜያቸው መምጣታቸው ገረመኝ። እጃቸውን ጭንቅላታችን ላይ አሳርፈው አለፉን፤ ከበር ሲያልፉ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው።

ውስጥ የተነገረውን ሁሉ አልሰማሁም። ፍሥሐ ያለቅሳል፤ እኔ እወዘውዘዋለሁ። ሰዓት የሚያየው ሰውዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሴትዮዋ ባል አላት ወይስ የላትም ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ከዚያ የቆሎው አባ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

«የእሷ ባል ቄስ ገብረአብ ነበር። ፍትሐት ተደርጎለታል፤ ወደ እሷ አይመለስም። የነበሩበት ቤትም የደብሩ ነው፤ የእሷ አይደለም። ዛሬ ያለችው ሁለት ልጅ ይዛ ብቻዋን ናት።»

ከደረጃው ላይ ዘልዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። አላልኩም? ፍትሐት ተደርጎለታል! የሚያውቅ ሰው መጥቶ መሰከረልኝ። ከዚያ የኮሚቴው ሴትዮ ታዲያ ከአራቱ በየትኛው እናስገባት ስትል አቶ ሳምሶን እስክሪብቶ ጠየቁ፤ ወረቀት ላይ ሲያሰምሩ ይሰማ ነበር።

አባ ሲወጡ እናቴ ገና ውስጥ ነበረች። ደረጃው ላይ እኛ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ጮኸ። ምስጋና እንዳለብኝ ተሰማኝ።

«አባ፣ አባቴን ያውቁት ነበር?» አልኳቸው።

ፍሥሐን እያዩ «አውቀው ነበር» አሉ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ሞትን የፈራ ሰው ነበር» አሉኝ። በትራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጆቹን ግን ይወድ ነበር። አሁንም ይወዳል።»

ሰማይ ቤት ሆኖ ማለታቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ካገኘን እናቴ ባትል እኔ ራሴ ግቡ እንደምላቸው፣ ደጅ እንደማላስቀምጣቸው ቃል ገባሁላቸው። ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የፊት ጥርሳቸው መሀል እንደ ፍሥሐ ክፍተት እንዳለ ያን ጊዜ አየሁ።

የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ በአንድ ጋሪ ዕቃችን ሁሉ ተጭኖ አዲሱ ቤት ገባን። እትዬ አልታየች ፍራሹን ተሸክማ ከጋሪው ኋላ እየተከተለች የጋሪውን ፈረስ ትሳደብ ነበር። እናቴ ጓዙ ሳይገባ፣ በሩ ሳይጠረግ፣ ከመንገድ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ በእኔ አጋዥነት እየገፋች አምጥታ በአጥሩ በር አጠገብ አስቀመጠችው። ፀሐይ እየሞቀች የምትፈትልበት መስሎኝ ነበር። አንድም ቀን አልተቀመጠችበትም።

ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ሁሉንም ስትነግረኝ አንድ ክረምት ሙሉ አኮረፍኳት። መስከረም ላይ አባ መጡና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ከሥራቸው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «አባ» አልኳቸው፤ እንደ ድሮው። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፉ። ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም። ዛሬም አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ እሳቸው መምጣት ስላልቻሉ እኔና ፍሥሐ በዓመት ሁለት ጊዜ ቁልቁለቱን እንወርዳለን። ቆሎውን የምንወስደው አሁን እኛ ነን።

አቶ ሳምሶንን ግን ይቅር አላልኳቸውም ነበር። እናቴ ስማቸው በተነሣ ቁጥር «እግዚአብሔር ይስጣቸው» ስትል የዋህነቷ ያናድደኛል። ፍራሻችንን የገለበጡ፣ ከሕፃን አፍ ቃል የሸመቱ፣ እናቴን በውሸት ሊይዙ አንኮበር ድረስ የወረዱ ሰው አድርጌ ነበር የያዝኳቸው። መንገድ ላይ ሲገጥሙኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ፤ ሰላምታ ቢሉትም ይሆናል፣ ባይሉትም።

ወደ ህሊና ልመለስ። ኮምፒዩተሩ አላሳልፍ ሲላት የዱሮውን ፋይል አውጥቼ ልየው ብላ ከኋላ ክፍል ገባች። አቧራውን እያራገፈች አንድ የደበዘዘ አቃፊ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከላይ የገዳሙ ማኅተም ያረፈበት የአበምኔቱ ደብዳቤ አለ። ቀጥሎ ፎርሙ አለ፤ በጋብቻ ሁኔታ ሥር አራት ሣጥኖች ታትመዋል፤ ከአራተኛው በታች አንድ ሰው ያለ ማስመሪያ፣ ትንሽ ጠመም ያለ አምስተኛ ሣጥን በእጁ ሠርቶ «ባለቤቷ የመነኮሰባት» ብሎ ጽፎ ምልክት አድርጎበታል።

ከፎርሙ ጀርባ በዚያው እጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። ህሊና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ መሀል ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

«ቤቱ ጠባብ ነው። ፍራሹ ከሥሩ ርጥብ ነው፤ ልጆቹ የሚተኙበት በኩል ጣሪያው ያፈሳል። አመልካቿ ዘንድ ወንድ ይመጣል የሚል ጥቆማ ደርሶን ነበር። አመልካቿ ባለቤቴ በሕይወት አሉ፣ መንኩሰዋል ብላለች። የሰባት ዓመት ልጇ ሰርካለም አባቴ ሞቷል፣ ፍትሐቱን አይቻለሁ ብላለች። ኮሚቴው ቃላቸው ስለተጋጨ ማመልከቻው ይሰረዝ ብሎ ወስኖ ነበር። እኔ ግን ሁለቱም ሲናገሩ ዓይናቸውን ስላልሰበሩብኝ የአንድ ሳምንት ጊዜ ለምኜ፣ እሑድ በዕረፍት ቀኔ ወደ ገዳሙ ወርጄ አጣርቻለሁ። የሚመጡት ሰው የልጆቹ አባት ናቸው፤ ከአጥሩ አልፈው አያውቁም። እናቲቱ እውነቷን ነው። ልጅቱም እውነቷን ነው። ልጅቱ ስላልተነገራት ማንም እንዳይነግርብኝ አደራ እላለሁ።»

ሥር ላይ ፊርማቸው አለ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊደሉ ተደባለቀብኝ። ህሊና መስኮቱን ከፈተች። በኋላ «ምን ብዬ ልሙላው?» ስትለኝ፣ ለማስታወሻ የተተወው ባዶ ቦታ ላይ እንዳለ እንድትገለብጠው ነገርኳት። አንድ ቃል ሳታስቀር ገለበጠችው። ለሣጥኑ ጉዳይ አለቃዋን እንደምትጠይቅ፣ ከአራቱ በአንዱ በግድ እንደማታስገባን ቃል ሰጠችኝ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። አቶ ሳምሶን ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቤታቸውን ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸውን ላለማግኘት ሃያ ዓመት ያህል ወደ ማዶ የተሻገርኩትን መንገድ ያን ቀን ሳልሻገር በበራቸው በኩል ሄድኩ። የጥቅምት ውርጭ ገና ስላልለቀቀ ግድግዳቸውን ተደግፈው፣ ባና ለብሰው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መነጽሩ ዛሬም በክር ታስሯል። ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጥፍር እንደሌለው አየሁ።

ስሜን አላስታወሱትም። የንጋቷ ልጅ ነኝ ብላቸው ብዙ ንጋቷ እንዳለች ነገሩኝ። ጠጉር የምትፈትለዋ፣ ከአንኮበር የመጣችዋ አልኩ። መነጽራቸውን አድርገው አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ፍትሐቱን ያየሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። ልናገር ይዤው የመጣሁት ምስጋና ብዙ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን እናቴ ሁልጊዜ የምትለው ብቻ ነው፤ «እግዚአብሔር ይስጥዎት።»

«አሜን» አሉ። ባናቸውን ሰብስበው በአግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉልኝ፤ እኔም ተቀመጥኩ።